አኅጽሮት፡- ከቃሉ እስከ ሰበር መዝገብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚጓዝ ሰው ሰሜን ሸዋን ሁለት ጊዜ ያገኛል። ሙከጡሪ ያለችው በኦሮሚያ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ነው፤ የዞኑ ዋና ከተማ ፍቼ ናት። የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ የሚደርስባት ዓለም ከተማ፣ የመርሐቤቴዋ፣ ደግሞ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ናት፤ የዚህኛው ዞን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ነው። ተጓዡ መንገዱን በዓይኑ ስለሚያየው አይደናገርም። ደብዳቤና የፍርድ ቤት መጥሪያ ግን ዓይን የላቸውም። ፖስታው ላይ «ሰ/ሸዋ» ተብሎ ከተጻፈ የትኛው ሸዋ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ጉዳት ያደረሰው የ«ሜን» መቆረጥ አይደለም። ሙሉው አድራሻ «የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን» ነበር። ሲያጥር የወደቀው ክልሉ ነው። አሳጣሪው ሁለቱ ዞኖች የሚጋሩትን ስም አስቀርቶ የሚለያዩበትን ጥሏል። በዚህ ዓምድ ላነሣው የፈለግሁት ቃል የዚህ ዓይነቱ ሥራ መጠሪያ ነው፤ አኅጽሮት።

ቃሉ ግእዝ ነው። ሥሩ «ኀጸረ» ነው፤ አጠረ ማለት ነው። «ኀጺር» አጭር ነው። «ምኅጻረ ቃል» እና «አኅጽሮተ ጽሑፍ» የምንላቸው ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ፊደሉ ላይ ነው። በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ «ኀጸረ» ማጠርን ያመለክታል። በሐመሩ ሐ «ሐጸረ» ተብሎ ሲጻፍ ግን አጥር አጠረ፣ ከለለ ማለት ይሆናል፤ «ሐጹር»ም አጥር ነው። አማርኛ የግእዙን ጸ ወደ ጠ ለውጦ፣ የጉሮሮውን ድምፅ ደግሞ ውጦ ሁለቱንም «አጠረ» አድርጓቸዋል። ስለዚህ «ልብሱ አጠረ» እና «ግቢውን አጠረ» ዛሬ በአፍም በጽሑፍም አንድ መልክ አላቸው፤ ግእዙ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የተስፋፋውና በ1948 ዓ.ም. በደስታ ተክለ ወልድ አሳታሚነት የወጣው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን የፊደል ልዩነት በዋዛ አያልፍም።

ጋዜጦቻችን አብዛኛውን ጊዜ «ምህጻረ ቃል» ብለው በሃሌታው ሀ ይጽፉታል። ይህ ማጠርም አይደለም፣ ማጠርያም አይደለም፤ አማርኛ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ስለሆነ እኔ በዚህ ዓምድ አልፈታውም። ይሁን እንጂ ለቀናሾቹ አንድ ጥያቄ ኋላ ላይ አቀርባለሁ።

ከፊደሉ ይልቅ ለእኔ ትልቁ ነገር የቃሉ አገነባብ ነው። «አኅጽሮት» መነሻው ላይ ያለው «አ» የማስደረጊያ አ ነው። ነገሩ በራሱ አላጠረም፤ ያሳጠረው አለ ማለት ነው። ግእዙ አድራጊውን ከቃሉ ውስጥ አላስወጣውም። «አጭር ጽሑፍ» ስንል ባለቤቱ አጭር አድርጎ የጻፈው ሊሆን ይችላል። «አኅጽሮተ ጽሑፍ» ስንል ግን ሁለት ነገሮችን ወዲያው እናምናለን፤ አንደኛ ሌላ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ፤ ሁለተኛ ከዚያ ውስጥ ምን ይቅር ምን ይውደቅ ብሎ የወሰነ ሰው አለ። የሁለቱን አድራሻ የማይነግረን አኅጽሮት፣ ልክ እንደ ፖስታው፣ ሸዋው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ የመጣ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ሌሎችም ቃላት አሉት፤ እርስ በርስ እየተተካኩ ሲጻፉ ብናይም አንድ አይደሉም። «ማጠቃለያ» የመጣው ከመጠቅለል ነው። የመንዝን ባና አስቡ። ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ሲጠቀለል የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል እንጂ አንድ ክር አይጎድልበትም፤ ብርዱ ሲመጣ ዘርግቶ መልበስ ነው። ጥሩ ማጠቃለያ እንዲህ ነው፤ የሚዘረጋ። «ጭማቂ» ወይም «ጭምቅ» የምንለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጨማቂው ፈሳሹን ወስዶ አሠሩን ይጥላል፤ ከጭማቂው ተነሥቶ ፍሬውን መልሶ መሥራት አይቻልም። «ቅንጫቢ» ከመቀንጨብ ነው፤ ቁራሹ ራሱ ሳይለወጥ የተገነጠለ ነው፤ የእንጀራው ቅርፅ ምን እንደነበር ግን ከቁራሹ አይታወቅም። ሕግ የተማርን ሰዎች የምንወደው «ጭብጥ» ደግሞ ከመጨበጥ የመጣ ነው፤ ከተከራካሪዎቹ ብዙ ወሬ ውስጥ ዳኛው በእጁ ጨብጦ የሚያስቀራት፣ አንዱ አዎ ሌላው አይደለም የሚልባት ነጥብ ናት። በዩኒቨርሲቲ የጥናት ጽሑፎች ፊት ላይ «አኅጽሮተ ጥናት» ወይም «አጠቃሎ» የሚል ርዕስ ታያላችሁ፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ብጠየቅ ለጥናት የምመርጠው አጠቃሎን ነው፤ ተመራማሪው የጠቀለለውን መዘርጋት አለበትና።

አጭር ሆኖ የተወለደውን ነገር ከዚህ ውስጥ ማውጣት ያስፈልጋል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጉባኤ ቃና የመወድስ አኅጽሮት ነው የሚል የቅኔ ተማሪ ካለ መምህሩ ከጉባኤው ያስነሡታል። ምሳሌም እንደዚሁ ነው። እጥር ምጥን ያለ ንግግር የምናመሰግነው ሌላ ረዥም ስላለው ሳይሆን ስለማያስፈልገው ነው።

በተቃራኒው፣ ከረዥሙ ተለይቶ አንድ ቀን የማይውል አኅጽሮት በቤተ ክርስቲያናችን አለ፤ የዜማ ምልክት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጁት እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል፤ ቦታውም ከመንዝ ወደ ሰሜን ርቆ፣ በአማራ ሳይንት የሚገኘው ተድባበ ማርያም ነው። በድጓው ቃል ራስ ላይ በትንንሹ የሚታዩት ፊደላት የዘፈቀደ ምልክቶች አይደሉም። እያንዳንዱ ምልክት ዜማው ከሚታወቅ ከአንድ ሐረግ የተወሰደ ጥቂት ፊደል ነው። ሊቁ ፊደሉን ሲያይ ሐረጉ ትዝ ይለዋል፤ ሐረጉ ትዝ ሲለው ዜማው ይመጣል፤ ያንን ዜማ አሁን በፊቱ ላለው ቃል ያውለዋል። ሙሉውን ሐረግ በቃሉ ላልያዘ ሰው ግን፣ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ቢደግምም እንኳ፣ ምልክቱ ምንም አይነግረውም። አኅጽሮቱን የሚያነበው ረዥሙን አስቀድሞ የተማረ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው የተሠራው፤ ተማሪው ዓመታት የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

ስንክሳርን ደግሞ እዩት። የቅዱሳኑ ገድል ረዥም ነው፤ ስንክሳሩ በየዕለቱ የሚነበበውን ያህል ብቻ ይዟል። በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ «አጭሩ ዜና መዋዕል» ተብሎ የሚታወቀውና ፈረንሳዊው ረኔ ባሴ በ1882 እ.ኤ.አ. ከነትርጉሙ ያሳተመው የነገሥታት ታሪክም አለ። እዚያ ውስጥ የጥንቶቹ ነገሥታት በስምና በዘመን ቁጥር ይታለፋሉ፤ ትረካው ወደ ጎንደር ዘመን ሲቀርብ እየሰፋ ይሄዳል። ጸሐፊዎቹ የሩቁን አሳጠሩ፤ የቅርቡን ዘረጉ። የፈረደው ማን እንደሆነ ከስፋቱ ይታወቃል።

ወደ መንዝ ልመለስ። መንዝ በጥንቱ አጠራር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ይባላል፤ ዛሬም የወረዳዎቹ ስም ላይ ቀርቷል። የአገሬው ትውፊት ማማ፣ ላሎና ጌራ ምድሩን የያዙት አቅኚዎች ስሞች ናቸው ይላል። የእያንዳንዳቸው ስም በዘመነ ርስት የትውልድ ሁሉ አኅጽሮት ነበር። «የላሎ ዘር ነኝ» ያለ ሰው በአንድ ቃል የመሬት መብት ጠየቀ ማለት ነው። ሆኖም ነገሩ ከዳኛ ፊት ሲቀርብ አጭሩ ስም ብቻውን አያቆመውም፤ በአባትም ይሁን በእናት ወገን ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው ድረስ ያሉትን አንድ በአንድ መቁጠር ነበረበት። ተከራካሪው የሚያደባው ለአንዲት የተዘለለች ስም ነበር፤ በመካከል አንዲት አያት ከተዘለለች ሐረጉ ተበጠሰ። የእኛ አገር ገበሬ ቆጠራውን በቃሉ የያዘው ለጨዋታ አልነበረም፤ አኅጽሮት በተጠየቀ ጊዜ ካልተዘረጋ መሬት እንደሚያስከፍል ያውቅ ስለነበር ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ከወጣ በኋላ ያ ቆጠራ የሕግ ጉልበቱን አጣ።

ዛሬ ባለይዞታው የሚያቀርበው የዘር ሐረግ ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። እዚህ ላይ አኅጽሮት በሌላ በር ገባ፤ በስም በኩል። በጽሕፈት ቤቶቻችን «ወ/ሚካኤል» የሚል ስም ማየት የተለመደ ነው። ለመሆኑ ይህ ሰው ወንድ ነው ሴት? ወልደ ሚካኤልም ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ሚካኤልም ልትሆን ትችላለች። (ፊት ለፊቱ «ወ/ሮ» ከተጨመረማ «ወ/ሮ ወ/ሚካኤል» ሆኖ አንባቢውን ያስነጥሰዋል።) ጽሑፉን በጻፈበት ዕለት ጸሐፊው ሰውየውን ፊት ለፊቱ ስላየው ጥያቄው አይነሣም። ጥያቄው የሚነሣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ሰውየውም ጸሐፊውም በሌሉበት፣ ወራሾች ሲካሰሱ ነው። ያኔ የአንዲት ዝባዝ መስመር ትርጉም በምስክር ይጣራል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል።

ለፊደል ቀናሾች አቀርባለሁ ያልሁት ጥያቄም ይኸው ነው። ሀብተ ማርያም በሃሌታው ሀ ይጻፋል፤ ኃይለ ማርያም በብዙኃኑ ኃ። ስማቸው በሙሉ ሲጻፍ ፊደሉ ቢለዋወጥም ማንም አይሳሳትም፤ «ሀይለ ማርያም» ብሎ የጻፈን ሰው ከመዝገበ ቃላት ወዳጆች በቀር የሚወቅሰው የለም። ሲያጥሩ ግን «ሀ/ማርያም» እና «ኃ/ማርያም» ይሆናሉ፤ ሁለቱን ሰዎች የሚለያቸው ያች አንዲት ፊደል ብቻ ትሆናለች። ፊደል ይቀነስ የሚል ሰው ቢያንስ ስም ማሳጠርን አብሮ ይከልክል።

የእኛ የሕግ ሰዎች ጽሑፍ ደግሞ በዝባዝ መስመር የታጨቀ ነው። «ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ» የሚለውን የሚያነብ ሰው አጥር የሚዘል ይመስለዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ማለታችን ነው። (ኀጸረና ሐጸረ እዚህ ላይ ታረቁ።) ባለሙያ ለባለሙያ ሲጻጻፍ ችግር የለውም፤ የድጓው ምልክት ዓይነት ነው። ለተከራካሪው በሚሰጥ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ባለጉዳዩ የራሱን ፍርድ ማንበብ አይችልም። «ወዘተ.» የምትለዋም ቃል የሕግ ጽሑፍ ውስጥ ስትገባ መጠርጠር አለባት። ሙሉዋ «ወዘተርፈ» ነው፤ የተረፈውም ማለት ነው። በውል ውስጥ «የቤቱ ዕቃዎች፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ወዘተ.» ብሎ የፈረመ ሰው የተረፈው ምን እንደሆነ ኋላ ይከራከርበታል። በወንጀል ሕግ ደግሞ ጨርሶ አትሠራም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ከልክሏልና።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሰበር ውሳኔዎች ራስጌ ላይ የሚቀመጠው አጭር ጽሑፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት በማያንሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ የሚገኙ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም የአስገዳጅነቱን መርሕ አስቀጥሎታል። በመሐል ሜዳ የተቀመጠ የወረዳ ዳኛ፣ በግሼ ራቤል የተከሰሰ ገበሬና በአዲስ አበባ ቤት የሚገዛ ሐኪም በአንድ ችሎት ቃል ይታሰራሉ ማለት ነው። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፤ ከፍርዱ በላይም የጉዳዩን የሕግ ነጥብ በሁለት በሦስት መስመር የሚናገር አኅጽሮት አለ።

የዚያን አኅጽሮት ሰዋስው አይታችሁት ታውቃላችሁ? አብዛኛው የሚያልቀው «ስለመሆኑ» ወይም «ስለአለመቻሉ» በሚል ነው። «እንዲህ ያለ ውል እንዲህ ካልሆነ በቀር የማይጸና ስለመሆኑ»። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። በአማርኛ ሰዋስው ይህ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ርዕስ ነው፤ «ከዚህ በታች ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ታገኛለህ» የሚል ጠቋሚ። ያዘጋጁት ሰዎች ልክ ናቸው፤ ጠቋሚነቱን በሰዋስው ነግረውናል። እኛ ግን ማሰሪያውን ከራሳችን ጨምረን፣ «ስለመሆኑ»ን «ነው» አድርገን፣ ከበታቹ ያለውን አሥር ገጽ ሳናይ ሕግ አደረግነው። አሁን ደግሞ እነዚህ ራስጌዎች ከፍርዱ ተነጥለው፣ በመቶዎች እየተጠረዙ፣ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ይተላለፋሉ። ጥርዡን ይዞ ችሎት የሚቀርብ ጠበቃ ብዙ ነው።

በመዝገብ ቁጥር 21448 የተሰጠውን ውሳኔ ለአብነት ልውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ እንዲሆኑና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገቡ ያዛል። ሰበር ችሎቱ ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ውሳኔው በሕግ ባለሙያዎች መካከል ብዙ ያከራከረ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ቤቱን አስረክቦ፣ ዋጋ ሲጨምር «ውሉ አልተመዘገበም» የሚል ሻጭ በር ተከፈተለት። ክርክሩ የፍርዱን ምክንያት አንብቦ የሚካሄድ ከሆነ ይጠቅማል። ከተማው ውስጥ የተዛመተው ግን አምስት ቃል ነው፤ «ያልተመዘገበ የቤት ውል ውል አይደለም»። ይህን አምስት ቃል የያዘ የባንክ ሠራተኛ በ2001 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 639 ካላየ ይሳሳታል፤ ያ አዋጅ ቁጥር 1723ን አሻሽሎ ለባንክና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ብድር የሚሰጥ የመያዣ ውል እንዲህ ያለው ምዝገባ እንደማያስፈልገው ደንግጓል። አኅጽሮቱ ባለበት ቆመ፤ ሕጉ አለፈ።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 182 ፍርድ ሊይዝ የሚገባውን ይዘረዝራል፤ ጭብጡን፣ በጭብጡ ላይ የተሰጠውን ውሳኔና የውሳኔውን ምክንያት። ራስጌው ከሦስቱ ሁለቱን በግድ በግድ ይይዛል። ሦስተኛው፣ ምክንያቱ፣ ሁልጊዜ ይወድቃል። የሰበር ትርጉም ለእኔ ጉዳይ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ደግሞ የምለየው በዚያው በወደቀው ነው፤ የነገሩ አመጣጥ ከእኔ ነገር ጋር መመሳሰሉን የሚነግረኝ እሱ ነው። «ሰ/ሸዋ» ላይ ክልሉ እንደወደቀ ማለት ነው። አዋጁ አስገዳጅ ያደረገው በዳኞቹ የተሰጠውን የሕግ ትርጉም ነው፤ ዳኞቹ የፈረሙትም ከታች ያለው ላይ ነው።

ራስጌዎቹ ይጥፉ አልልም። በሺዎች በሚቆጠር ውሳኔ ውስጥ ያለ እነሱ አንድ ነገር ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ እኔም በየሳምንቱ የምጀምረው ከእነሱ ነው። የምለው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው። ጠበቃ በአቤቱታው፣ ዳኛም በፍርዱ ሰበር ሲጠቅስ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የጉዳዩን አመጣጥ በሁለት መስመር ቢጨምር፣ ሌላው ወገን ልዩነቱን ለማሳየት ዕድል ያገኛል። በጥርዝ የሚያሠራጩ ሰዎችም ከየራስጌው አጠገብ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቅጹንና ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ቢያስቀምጡ አንባቢው ከጭማቂው ወደ ፍሬው የሚመለስበት መንገድ አይዘጋበትም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ እንደሆነም ማየት ይችላል።

ስምን በተመለከተ ግን ሁለት መስመር አያስፈልግም። «ወልደ» ሦስት ፊደል ነው፤ «ወ/» ሁለት ምልክት ነው። በመንዝ ላሎ ወይም በመርሐቤቴ በይዞታ ደብተር ላይ ስም የሚመዘግብ ሠራተኛ በሰው የሚያተርፈው የአንድ ፊደል ቀለም ነው።